መሐረቧን አይተሻታል?

ልጄ፣ የላክሽልኝን የትምህርት ዝርዝር መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከሜሶፖታሚያና ከግብፅ ይነሣል፤ ግሪክን፣ ሮምን፣ ቢዛንቲየምን፣ የእስልምናውን ዓለም ጥበብ እያለ ይወርድና እነ ማይክል አንጄሎ ዘንድ ደርሶ ጥቂት እልፍ ሲል ያበቃል። አክሱምና ላሊበላ ከኑቢያ ጋር በአንድ ሳምንት ተጨፍልቀው ገብተዋል። ከግርጌው «ጋሼ፣ እኔ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጽፈሻል። ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። እናትሽ «አካውንቲንግ አይሻላትም ነበር ወይ?» ብላ ከደወለችልኝ ወዲህ አንቺም ልብሽ የሸፈተ መስሎኝ ነበር።

ለአጀማመሩ የአባቶች ቃል አለልሽ፤ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ። ከአያት ወደ መገናኛ በባቡር ስትመጪ በቀኝሽ የሚታይሽ ተራራ የካ ነው። እዚያ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ መሀል፣ ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዋሻ ሚካኤል ይሉታል። ከታች ካለው የካ ሚካኤል ጋር እንዳታምታቺው። ጣሪያው አብዛኛው ወድቋል፤ የቀረው ግን ማየት ለሚችል ሰው ብዙ ይናገራል። በሲኤምሲና በገርጂ፣ በቦሌና በሃያ ሁለት ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ ለላሊበላ ጉዞ ዕቁብ ገብቶ፣ ይህን ግን አንድ ቀን ወጥቶ ያላየ ሰው ስንቱን ልቁጠርልሽ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ስትወጪ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቂ፤ ቦታው የጸሎት ቦታ ነው እንጂ ለአንቺ ጥናት ተብሎ የቆመ አይደለም። ከዚያ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና አረፍ በይ። ቤት የሚሠራ ሰው ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ አለት የሚፈለፍል ሰው ደግሞ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ግንበኛ ድንጋይ ቢጣመምበት አፍርሶ ይክባል። እዚህ ግን ከዓምዱ አንዲት ቁራጭ አላግባብ ብትገመስ መመለሻ የላትም። ስለዚህ መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ቤቱ ከነበሩ፣ ከነመስኮቱ፣ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተሠርቶ ማለቅ ነበረበት። የመሮውን ጠባሳ በዓይንሽ ተከተዪው፤ ከወዴት አቅጣጫ እንደተመታ፣ የት ጠልቆ የት እንደለዘበ። የወጣው ፍርስራሽ የት ሄደ? ሠራተኛውን ማን አበላው? የክረምቱ ጎርፍ በየት በኩል እንዲያልፍ ታሰበ? ዝርዝርሽ ላይ ያለው ሕንፃ ሁሉ፣ ፒራሚዱም ሆነ የግሪኮቹ ቤተ ጣዖት፣ ከእነዚህ ጥያቄዎች አያመልጥም።

ዕድሜውን ብትጠይቂ ሁለት መልስ ታገኛለሽ። የአካባቢው አባቶች እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ያደርሱታል፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ከአሠራሩ ተነሥተው ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ከሽማግሌው ፊት ቆመሽ «ተሳስተዋል» አትበዪ፤ ደብተርሽ ላይም የሽማግሌውን ቃል እንደ ተረጋገጠ ነገር አትገልብጪ። ማን እንዳለውና ከምን ተነሥቶ እንዳለው አድርገሽ ሁለቱንም ጻፊ። ሽማግሌው የነገሩሽ ቦታው በሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል እንደከበደ ነው፤ እሱም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው።

ከዚያው ተራራ ላይ ሆነሽ አሻግረሽ ብታዪ በደቡብ ምሥራቅ የረር ይታይሻል፤ ወደ ምዕራብ የእንጦጦ ሰንሰለት ይቀጥላል። በዚህ ምድር ከአዲስ አበባ በፊት ሌላ ከተማ ነበረ የሚል ነገር ሰምተሽ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቬኒስ ውስጥ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በ1450 ገደማ የዓለምን ካርታ ሠራ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፍልሽ መጽሐፎችሽ እንዲያ ስለሚቆጥሩ ነው።) ካርታው ላይ የኢትዮጵያ ወንዞችና አውራጃዎች በዝርዝር ሰፍረዋል፤ ከእነሱ መሀል በራራ የምትባል የነገሥታት መቀመጫ አለች። ሰውየው ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ከአገሩ የመጡ ካህናት በገዛ እጃቸው አገሩንና ወንዙን እየሣሉ እንዳሳዩት እዚያው ካርታው ላይ ጽፏል። የእኛ መነኮሳት በዚያ ዘመን ኢየሩሳሌም ገዳም ነበራቸው፤ በ1441 ደግሞ ከዚያ ተነሥተው ፍሎሬንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተዋል። እንግዲህ አስቢው፤ የአውሮፓ ትልቁ ካርታ ሲሠራ ከብዕሩ አጠገብ አንድ የሐበሻ ካህን ተቀምጦ «ይህ አዋሽ ነው፣ ያ ዓባይ ነው» ይል ነበር ማለት ነው።

ከ1529ኙ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ይህን አገር ሲያጥለቀልቀው በራራም ጠፋች። ቦታዋን አንዳንዶቹ እንጦጦ ላይ ካለው የድንጋይ ምሽግ ፍርስራሽ አጠገብ፣ ሌሎቹ በየረር በኩል ይፈልጓታል፤ እስካሁን አልተስማሙም። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። የበራራ ስም ዛሬ የፖለቲካ ዱላ ሆኗል። አንዱ «መሬቱ የእኔ ነበር» ለማለት ይመዘዋል፤ ሌላው ስሙ ገና ሲነሣ ይቆጣል። የቱለማ ኦሮሞ ሽማግሌዎች ስለ የረር፣ ስለ ወንዙና ስለ ተራራው የሚያወርዱት ታሪክም ታሪክ ነው፤ በብራና ስላልሰፈረ ብቻ ከቬኒሱ ካርታ በታች አታስቀምጪው። ካርታውንም ሽማግሌውንም እኩል መርምሪ፤ ማን ነገረህ፣ እሱስ ከማን ሰማ በዪ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ተማሪ ሆነሽ ለአንዱ ጎራ ድንጋይ አቀባይ ብትሆኚ ግን ድንጋዩም አንቺም ታልቃላችሁ።

የምመክርሽ ዋናው ነገር አሁን ይመጣል፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሺው ቅር አይለኝም። በአንድ ሥራ ፊት ስትቆሚ ኩራትም ኀፍረትም በአንቺ ፈንታ እንዳያዩልሽ። ኩራት «ይህ ሁሉ ከእኛ የፈለቀ ነው፣ ማንም አላስተማረንም» ይልሽና ዓይንሽን ይሸፍነዋል። ሦስት ሺህ ዓመት፣ ሦስት ሺህ ዓመት እያለ አንድ ቀን እንኳ አምስት ኪሎ ሙዚየም ገብቶ የማያውቀውን ሰው አንቺም እኔም እናውቀዋለን፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ኀፍረት ደግሞ በተቃራኒው ይመጣል። «ይሄ ከግሪክ ነው፣ ያ ከጣሊያን ነው፣ የእኛው የቱ ነው?» እያለ ያሸማቅቅሻል። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ከሁለቱም ወገን ጓደኛ ታፈሪያለሽ።

ምሳሌ ላሳይሽ። መገናኛ ታክሲ ስትሳፈሪ ከሹፌሩ ፊት የተለጠፈችውን የእመቤታችንን ሥዕል ልብ ብለሽ አይተሻታል? ምስለ ፍቁር ወልዳ። በቦሌ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ከጧፍና ከመቁጠሪያ ጋር የምትሸጠዋ፣ እናትሽም ሳሎኗ ያላት። ልጇን በግራ ክንዷ አቅፋለች፤ እጆቿ ከፊት ተነባብረዋል፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ወደ ታች ተዘርግተዋል። ልጁ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። አሁን ግራ እጇን እዪ። ከጣቶቿ መሀል አንዲት መሐረብ ተንጠልጥላለች። አንዳንድ ሠዓሊ አበባ ያስጌጣታል፣ አንዳንዱ ነጭ አድርጎ ይተዋታል፤ በማተሚያ ቤት የተባዙት ላይ ደብዝዛ ልትጠፋ ትደርሳለች። ይህች መሐረብ ከየት መጣች?

ሮም ውስጥ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የምትከበር አንዲት ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለች። በ1569 የኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ ፍራንቼስኮ ቦርጂያ ከጳጳሱ ፈቃድ አግኝቶ አስገለበጣት። ከዚያ በኋላ ግልባጯና ኅትመቷ ሚሲዮናውያኑ በሄዱበት ሁሉ ሄደ። በ1580 ሕንድ አገር የአክባር ቤተ መንግሥት ደረሰች፤ የሙጋል ሠዓሊዎች ከበው አዩዋት። ወደ እኛም ኢየሱሳውያኑ ይዘዋት መጡ። ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው፤ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት እስከ መቀበል ደረሱ፤ አገር በደም ታጠበ፤ በ1632 አፄ ፋሲል ነግሠው ሃይማኖቱን መለሱ፤ ቀጥለውም ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ሰዎቹ ተባረሩ፤ ሥዕሏ ቀረች። የጎንደር ሠዓሊዎች ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው ከግራና ከቀኝ አቆሙላት፤ ከእግሯ ሥር ያሣላትን ሰው በግንባሩ ደፍተው ሣሉት፤ ካባዋን በጌጠኛ ጨርቅ ለወጡት። ዓይኗንም የራሳቸውን ዓይን ሰጧት።

መሐረቧ ግን በዕድሜ ትበልጣለች። በጥንቷ ሮም ሹማምንቱ የሠረገላ እሽቅድምድም የሚያስጀምሩት በእጃቸው የያዙትን ጨርቅ ወደ ሜዳው ጥለው ነበር። ጨርቋ ቀስ በቀስ የሹመት ምልክት ሆነች፤ ከቆንስሎቹ እጅ ወደ ቄሣሮቹና ወደ ንግሥቶቹ እጅ አለፈች። ሠዓሊው እመቤታችንን ንግሥት አድርጎ ሲሥላት ያችኑ ጨርቅ አስያዛት። እነሆ የሮም የፈረስ ሜዳ ጨርቅ በመገናኛ ታክሲ መስታወት ላይ ትወዛወዛለች። የትምህርት ዝርዝርሽ ከጥንት እስከ ፋሲል ዘመን ያለውን በብዙ ሳምንት ከፋፍሎ ያስተምርሻል፤ ሥዕሏ ግን ሁሉንም በአንድ ክንድ ስፋት ይዛለች።

አሁን ኀፍረት ይመጣና «አየሽ፣ የሰው ነው» ይላል። ገና አላየም። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ አገራችን ገብቶ ለብዙ ዓመት ኖሯል፤ የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝም በ1520ዎቹ እዚሁ አግኝቶታል። ይህ ሠዓሊ ልጁን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ ሣለና ሕዝቡ ተቆጣ እየተባለ ይተረካል፤ ግራ የውርደት ወገን ነው፣ እንዴት ጌታን በግራ ያስይዛል ተብሎ። ተረኩን እንደ ተረክ ያዢው። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሮሟ ሥዕል ስትመጣ ልጁ በግራ ክንድ ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ በቀኝ ያስያዘ ሠዓሊ ቢገኝ ምእመኑ «ምን ነካው?» ነው የሚለው። አንድ ሕዝብ እንቢ ያለውን እንዴት የራሱ እንደሚያደርግ፣ መቼ፣ በማን እጅ፣ ምን ጨምሮ ምን ቀንሶ የሚለው ነው የአንቺ ትምህርት። ኩራትም ቢመጣ ይኸው መልስ ይበቃዋል።

የእመቤታችን ሥዕል ከፈረንጅ ጋር መጣ ብለሽም እንዳታስቢ። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፣ እጅግ የረቀቀ የእመቤታችን ሥዕል ሠርቷል፤ ስሙንም ትቶልናል። ንጉሡ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዙ ሰው ናቸው። እሱን የሚያህል ፍላጎት ባይቀድም ኖሮ የሮሟ ግልባጭ እዚህ ሥር አትሰድም ነበር።

የጥንቱንም በዚሁ ዓይን እዪ። አምስት ኪሎ ወርደሽ የአክሱም ሳንቲሞች ፊት ቁሚ፤ ትንንሽ ናቸው፣ ጎንበስ ማለት ያስፈልግሻል። ንጉሡ በሁለት የእህል ዛላ መሀል ተቀርጿል። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን እስኪቀበል ከተቀረጸው ንጉሥ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ፀሐይ አሉ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ቦታ መስቀል ገባ። የወርቁ ሳንቲም ጽሑፍ በአብዛኛው ግሪክኛ ነው፤ ምክንያቱም ወርቁ የሚሄደው ባሕር ማዶ ላለው ነጋዴ ነው። ግሪክኛው የጌታ ቋንቋ ሆኖባቸው መሰለሽ? የገበያ ቋንቋ ስለነበር ነው፤ ዛሬ ቦሌ ላይ ያለ ሱቅ ሁሉ ስሙን በእንግሊዝኛ እንደሚጽፈው። የእህሉን ዛላ ግን ከሮም ሳንቲም አልገለበጡትም፤ እሱ የራሳቸው ሐሳብ ነው። ከዚህ ተነሥተሽ ግሪክና ሮምን ብትማሪ ትምህርቱ ባዕድ አይሆንብሽም። ሰው የፓርተኖንን ዓምድ ቁጥር በቃሉ ሸምድዶ የኢዛናን ሳንቲም ካላወቀ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

ስለ ብራና አንድ ሁለት ነገር ልበልሽ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ታገሺኝ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ለአንቺ የተባለ ይመስለኛል። አንድ የብራና መጽሐፍ ሲሰጡሽ ቶሎ ሥዕሉን አትፈልጊ። ለወግ ያህል ሳይሆን ከልብሽ እጅሽን ታጠቢ፣ አድርቂ። መጀመሪያ ማኅደሩን እዪ፣ ከዚያ የእንጨቱን ገበታ፣ ከዚያ ስፌቱን። ገበታውን ስትከፍቺ ከቆዳው መሀል በውስጥ በኩል የተለጠፈ ጨርቅ ብታገኚ እዚያው ቁሚ። ብዙ ጊዜ ያ ጨርቅ ከሕንድ ወይም ከሌላ ባሕር ማዶ አገር የመጣ ነው፤ የአንዲት ወይዘሮ ልብስ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ለቅዱስ መጽሐፍ ከቤታቸው ውዱን ነገር ሰጡ። ከዚያ ገጹን ገልብጪ። ብራና አንዱ ፊቱ ፀጉሩ የነበረበት፣ ሌላው ሥጋው የነበረበት ነው፤ በቀለሙና በልስላሴው ይለያያል። ጸሐፊው በወስፌ ነጥብ ነጥብ በስቶ፣ ቀለም በሌለው ስለት መስመር አስምሮ ነው መቃ ብዕሩን የሚያነሣው። ብርሃኑን በጎን ብታደርጊው መስመሩ ይታይሻል። በቀይ ቀለም የተጻፈው የጌታ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው፤ ያሰጻፈውም ሰው ስም አንዳንድ ጊዜ አብሮ በቀይ ይገባል። የዚያን ሰው ስም ፍቀው የሌላ ሰው ስም የጻፉበት ቦታ ከገጠመሽ የአንድ ርስት ወይም የአንድ ሽያጭ ታሪክ አገኘሽ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያለ ግዕዝ ልታልፊው ትችያለሽ፤ የምታልፊው ግን በመስኮቱ በኩል ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ስለ ሥዕሉ የሚጽፉት ፈረንጆች ሥዕሉን አሳምረው ይገልጹታል፤ ከሥዕሉ በላይ ያለችውን የአንድ መስመር ጽሑፍ ማንበብ የሚችሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን አስቢ። በ1975 በደርግ ወታደሮች ተመትተው መሄድ ተሳናቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው አሜሪካ ሚኒሶታ ገቡና በማይክሮፊልም የተነሡትን የኢትዮጵያ ብራናዎች አንድ በአንድ እያነበቡ ምን እንደያዙ መዘገቡ። ከ1973 ጀምሮ በዚያ ሥራ የተነሡት መጻሕፍት ከ8 ሺህ በላይ ናቸው። በ2021 እስካረፉ ድረስ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። እሳቸውን እዚያ ያደረሳቸው አሜሪካ ያለው ማሽን አይደለም፤ በልጅነታቸው የገባባቸው ግዕዝ ነው።

ትምህርትሽ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ብቻም እንዳይቀር። ሐረር የራሷ የቁርዓን ጽሕፈትና ጥራዝ ጥበብ አላት፤ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ዛሬም ከተማዋን ከቧታል። ኢማም አሕመድ ከተማ አቃጠሉ ብለሽ ያንን ዘመን በአንድ ቀለም ብቻ ብትቀቢው ግማሹን አገር ሳታዪ ትመረቂያለሽ። የአንድ ሐረሪ ቤት ግድግዳ፣ በሰፌድና በሙዳይ እንዴት እንደሚደረደር፣ ራሱን የቻለ የሥነ ጥበብ ክፍል ነው፤ የሴቶች እጅ የሠራው፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ። አንቺ ሴት ነሽና ይህን ጥያቄ ከሌላው ቀድመሽ ትጠይቂዋለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሳስተምር የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም።

የመቅደላው ነገር ያናድድሻል፤ ያናድድሽ። በ1868 እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ከአምባው ላይ ዘርፈው ከወሰዱት ውስጥ 350 ያህል ብራና የብሪታኒያ ሙዚየም ገባ፤ የሙዚየሙ ሰው ራሱ ከጦሩ ጋር አብሮ መጥቶ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ብለው አባቶቻችን ሲተርቱ እንዲህ ያለውን ሳያስቡ አልቀሩም። መመለስ አለበት ከሚሉት ወገኖች ጋር ነኝ። እስኪመለስ ግን ቁጭ ብሎ መቆጨት ጥናት አይሆንም። ብዙ ገጾች ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት ተለቀዋል፤ አያት ኮንዶሚኒየም አልጋሽ ላይ ሆነሽ ልታነቢያቸው ትችያለሽ። ቁጣሽ ገጹን እንድታነቢ ካላደረገሽ ለማን ይጠቅማል? ከዚያው ጋር ሌላም ጎን አለው፤ መጽሐፍ በእኛው እጅ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ለቱሪስት የሚሸጥበት ገበያ አልተዘጋም። ድንገት አንድ ሰው «እህቴ፣ አሮጌ መጽሐፍ አለ፣ ትፈልጊያለሽ?» ቢልሽ፣ ለማወቅ ጓጉቼ ነው ብለሽ እንኳ ዋጋ እንዳትጠይቂ። የጠየቅሽው ዋጋ የሚቀጥለውን ሌባ ያንቀሳቅሳል።

መጻሕፍቱን በተመለከተ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለልሽ፤ በ1963 የተመሠረተ ነው፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ። እዚያ ፎቅ ላይ ያሉትን አዶዎች አንድ በአንድ እዪ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሻቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንድ አዶ ብቻ መርጠሽ በእርሳስ ሣዪው። መሣል አልችልም አትበዪኝ፤ ሥዕሉ እንዲያምር አልፈልግም። ስልክሽ በአንድ ቅጽበት ያነሣውን እጅሽ ሲስል ስንት ጣት እንዳለ፣ ካባው በየት በኩል እንደታጠፈ፣ የቱ መስመር በልበ ሙሉነት የቱ በፍርሃት እንደተሰመረ ታውቂያለሽ። የፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትን የ1972 መጽሐፍ እኔ ጋ ያለውን ውሰጂ፤ ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ነገር ሳታውቂ ሥዕሉን ማን እንደከፈለበት አይገባሽም። ዳሩን አጥፈሽ ካመጣሽው ግን ሁለተኛ አላበድርሽም።

ስለ እናትሽ አትጨነቂ። እሷ የምትፈራው ረሃብን ነው፣ ልክ ናት፤ እኛ ያየነውን አይታለች። የዚህ ትምህርት ደመወዝ ከባንክ ቤት ያነሰ እንደሆነ አልዋሻትም። ግን ቅርስ የሚያድስ፣ ብራና የሚመዘግብ፣ ለሙዚየም ጽሑፍ የሚያዘጋጅ፣ ለእንግዳ ከሸመደደው በላይ የሚያስረዳ አስጎብኚ በዚህ አገር ቁጥሩ ከፍላጎቱ እጅግ ያንሳል፤ ይህንን በስልክ ሳይሆን እሑድ ቤቷ ሄጄ ቡና እየጠጣሁ እነግራታለሁ። አንቺ ደግሞ ከእኔ ቀድመሽ አትንገሪያት፤ ትጣላላችሁ።

በዚህ መሀል ክፍል ከመጀመሩ በፊት አንድ ሥራ አለሽ። ከሰፈርሽ ቤተ ክርስቲያን መሪጌታውን ፈልጊ። በስልክ አትደውዪላቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላሽን አጣፍተሽ ከደጀ ሰላሙ ጠብቂያቸው፣ መስቀል ተሳለሚና «አባቴ፣ ግዕዝ መማር እፈልጋለሁ» በያቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆንሽን መጀመሪያ አትናገሪ። ምናልባት «ዳዊት ደግመሻል?» ይሉሻል፤ አልደገምኩም በያቸው፣ አይቆጡሽም። ከፊደሉ ከ«ሀ» እንድትጀምሪ ካዘዙሽም ፊደል አውቃለሁ ብለሽ እንዳትከራከሪያቸው፤ እሳቸው የሚሰሙት አነባበብሽን ነው። ደብተርና እርሳስ ያዢ፤ ለሳቸውም ለቡና የምትሆን ነገር በወረቀት ጠቅልለሽ፣ በእጃቸው ሳይሆን ለረድኡ ስጪ።